ወጣትና የሙዚቃ መሣሪያ

(ከዚህ በታች የሚገኘው ንግግር ከማኅበራችን አባላት አንዱ በክረምቱ ዕረፍት ጊዜ በሀይሌ ጋርመንት ሠፈር ለተሰበሰቡ ወጣቶችና ወላጆች ያደረገው ነው። ጉዳዩ እኛንም የሚመለከት ስለ ሆነ እንዳለ አትመነዋል።)




ዝናቡንና የአደባባዩን ጭቃ ሳትፈሩ በዚህ ጠባብ ክፍል ተሰብስባችሁ ቃሌን ለመስማት ስለ ፈቀዳችሁ አስቀድሜ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የምናገርበት አርእስት “የሙዚቃ መሣሪያ መማር ለወጣት የሚሰጠው ጥቅም” የሚል ነው። ይህን አርእስት የመረጥሁት ለጨዋታ ያህል አይደለም። የተሰበሰብንበት ይህ የጋራ ቤት በሚመጣው እሑድ ለመጋዘን ይከራይ ወይስ ለወጣቶች መለማመጃ ይሁን ተብሎ የሕንፃዎቹ ነዋሪዎች እንደሚወስኑ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ውሳኔው ከመድረሱ በፊት የሚመስለኝን ልናገር መጥቻለሁ። የምጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

እንግዲህ ከሠፈራችን ልጀምር። ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ሕዝባችን ድምፅን ያለ ሽቦ የሚያደርሰውን ራዲዮ ባየ ጊዜ ያወጣው ስም ነው፤ ነፋስ የሚያናግር ስልክ ማለት ነው። ሀይሌ ጋርመንት ደግሞ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ስለዚህ የምንኖረው ከአንድ ወገን በድምፅ፣ ከሌላው ወገን በእጅ ሥራ በተሰየመ ሠፈር ነው። የሙዚቃ መሣሪያም ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ አይደለም፤ በእጅ ሥራ የሚገኝ ድምፅ ነው።

በስፌት መኪና ላይ የሠራች እኅት ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። በመጀመሪያው ቀን ጨርቁ ይጣመማል፤ ክሩ ይበጠሳል፤ እግርና እጅ አይስማሙም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እጅዋ ራሱ ያውቃል፤ እስዋም ስለ መርፌው ሳታስብ ስለ ልብሱ ታስባለች። ክራርም እንደዚሁ ነው። ጀማሪ ስለ ጣቱ ያስባል፤ የለመደ ስለ ዜማው ያስባል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ልምምድ ይባላል።

ወደ ጥቅሙ ከመግባቴ በፊት ግን በመንገዳችን ላይ የተጋረጠውን አንድ ድንጋይ ማንሣት ይገባኛል፤ ይኸውም ንቀት ነው። በአገራችን መሣሪያ የሚመታ ሰው “አዝማሪ” ይባላል። ቃሉ የመጣው ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ በአፋችን ላይ ሲውል ግን ስድብ ሆኗል። ሠርጋችንን ያለ እርሱ አናደምቅም፤ ልጃችን እርሱን ሲመስል ግን እናዝናለን። ይህን ንቀት ጠላት እንኳ አልተጋራውም። በ1937 የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሺስቱ ገዥ ከየመንገዱ እየታደኑ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ይገኙባቸው ነበር። አንድ ክር ያላትን ማሲንቆ የያዘ ሰው ለዚያ ሁሉ ጦር ያስፈራው ስለ ምንድን ነው? ቃሉ ከአገር አገር ስለሚደርስ ነው። ጠላት ያወቀውን የእርሱን ዋጋ እኛ ልጆቹ ሳናውቅ ብንቀር የሚያሳፍር ይሆናል።

ይህ ንቀት በእኔም ቤት ነበረ። ያደግሁት በዚሁ ሠፈር ነው፤ ያሳደጉኝም አክስቴ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የታክሲ ገንዘቤን እያጠራቀምሁ በእግሬ ተመላልሼ አንዲት ክራር ገዛሁ። አክስቴ ባዩዋት ጊዜ፣ “ልጄ፣ ይህን ያህል የደከምሁብህ አዝማሪ እንድትሆንልኝ ነው ወይ?” ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባት። እኔም ቁልፉን ከሚያስቀምጡበት እየሰረቅሁ ሌሊት ሌሊት በቀስታ እመታ ነበር። በዚያው መንፈቅ ዓመት የሒሳብ ውጤቴ ወደቀ። አንድ መምህር “ወይ ክራሩን ወይ ደብተሩን ምረጥ” አሉኝ፤ አክስቴም፣ “አላልሁህም?” አሉ።

በእውነቱ ከሆነ አክስቴ ፈጽሞ አልተሳሳቱም ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ክራር የሚመታ ተማሪ ጧት በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ነገሩን ያቃናው ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። “ልጁ የቤት ሥራውን ሠርቶ ካሳየዎት በኋላ ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ይስጡት፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይውሰዱት” ብለው አስታረቁን። እኔም ያችን አንድ ሰዓት ለማግኘት ስል የቤት ሥራዬን ቶሎና በደንብ መሥራት ጀመርሁ። በሚከተለው መንፈቅ ዓመት ሒሳቤ ተነሣ። ትምህርቴን የጎዳው ክራሩ ሳይሆን ገደብ ማጣቱ ነበር። በሕይወቴ ጊዜን መመጠን የተማርሁት ከዚያች ከተቆለፈች ቁም ሣጥን ነው።

አሁን ጥቅሙን በአራት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛው ትዕግሥት ነው። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ በተማረረ ጊዜ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስትታገል እየወደቀች እየተነሣች በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ መመለሱን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትሏን ሆኖ መውደቅን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ማሲንቆን ተመልከቱ። ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ጅማት ብቻ ናት ያለቻት። ጣት የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያመለክት ምልክት የለም፤ ጅማቷን የሚያስደግፍ እንጨትም ከሥርዋ የለም፤ ጣት አየር ላይ እንዳለ ይነካታል። ስሕተቱን የሚነግረው የተማሪው የራሱ ጆሮ ነው። በዛሬ ዘመን ሁሉ ነገር በእጅ ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ ንክኪ ይመጣል። ለወጣት ሁሉ ነገር እንዲህ ቢቀልለት ደካማ ይሆናል። ዛሬ ያልሆነለትን ነገ፣ ነገም ካልሆነለት ከነገ ወዲያ የሚሞክርበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መደማመጥ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በአንድ ክረምት አብረን ለመጫወት ተስማማን። አንዱ ማሲንቆ፣ አንዱ ዋሽንት፣ እኔ ክራር ነበርን። በመጀመሪያው ሳምንት ከመጫወት ይልቅ ተጣላን፤ ሦስታችንም “የእኔ ቅኝት ነው ልኩ” እንል ነበርና። በመጨረሻ የገባን ነገር ይህ ነው። ዋሽንት ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ ሲሠራ አራት ቀዳዳዎቹ አንድ ጊዜ ተበስተዋል፤ ወዲያና ወዲህ ማድረግ አይቻልም። ክራር ግን ጅማቶቹን ማጥበቅም ማላላትም ይቻላል። ስለዚህ ክራሩና ማሲንቆው ወደ ዋሽንቱ ይቃኛሉ እንጂ ዋሽንቱ ወደ እነርሱ አይመጣም። ይህ ሽንፈት አይደለም። መለወጥ የሚችል ለማይችለው ሲቃና አብሮ መጫወት ይገኛል። በዚህ ሠፈር ከየአቅጣጫው የመጣ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በአንድ ደረጃ ይወጣል፤ በአንድ ግቢ ይኖራል። ወጣቶቹ መቃኘትን ከዚህ ካልተማሩ ከየት ይማሩታል?

ሦስተኛው ስለ አእምሮ የሚባለው ነው፤ እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። በ1993 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት የሞዛርትን ሙዚቃ ለጥቂት ደቂቃ የሰሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ዐይነት ፈተና ላይ ውጤታቸው ከፍ እንዳለ ገለጠ። ለውጡ የቆየው ሩብ ሰዓት ያህል ነበር፤ ወሬው ግን ዓለምን ዞረ፤ ነጋዴዎችም ለሕፃናት ሸክላና ካሴት ሸጡበት። በ2004 ሼለንበርግ የተባለው የካናዳ ሊቅ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን ከፋፍሎ አንዳንዶቹን ፒያኖ ወይም መዝሙር፣ አንዳንዶቹን ቴያትር አስተማረ፤ የቀሩትን ምንም አላስተማረም። ሙዚቃ የተማሩት በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ በጥቂት ነጥብ በለጡ። ቴያትር የተማሩት ደግሞ ከሰው ጋር በመግባባት በለጡ። ከዚያ ወዲህ በ2020 ከ50 በላይ የሚሆኑ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት ጥናቱ ጥብቅ በሆነ መጠን ሙዚቃ ለሌላው ትምህርት ያመጣል የተባለው ትርፍ እየጠፋ እንደሚሄድ አሳዩ።

ስለዚህ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ “ልጃችሁ ክራር ቢማር በሒሳብ አንደኛ ይወጣል” ብዬ አልዋሻችሁም። ሒሳብ የሚገኘው ሒሳብን በማጥናት ነው። ክራር የሚማር ልጅ ክራር ያውቃል፤ ይህም በራሱ ዕውቀት ነው። በሠርግ ቤት የሚሰማውን ዜማ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ ለይቶ ያውቃል። አባቶቹ ያለ ቀለምና ያለ ወረቀት ያቆዩትን ሀብት ይወርሳል። እንዲህ ያለው ሀብት ደግሞ ከአንድ ትውልድ እጅ ከወደቀ የሚያነሣው አይገኝም።

አራተኛው ለችግር ቀን መጠጊያ መሆኑ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እኛ “አርባ ልጆች” የምንላቸው እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን በ1930 የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ልጆቹ አባት የላቸው፤ እናት የላቸው፤ አገር የላቸው። የነበራቸው በትንፋሻቸውና በጣታቸው ያለ ሙያ ብቻ ነበር፤ እንጀራ የሰጣቸውና በታሪካችንም ያስመዘገባቸው እርሱ ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በኢጣልያ ደሴት ታሰሩ። ከዚያ በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለው መምህር ዘንድ ሙዚቃን ቀጠሉ፤ ቆይተውም በግሸን ማርያም መነኰሱ። የሙዚቃ ዕድላቸው ተዘጋ ቢባልም ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢ ለችግረኞች ሕፃናት መርጃ ሆነ። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ እስከሚያርፉ ድረስ ከዚያ መሣሪያ አልተለዩም። ሴት ልጅ መሣሪያ ይዛ ምን ትሆናለች ለሚል ሁሉ መልሱ ይህ ነው። የክራሯን ንግሥት አስናቀች ወርቁንም ማን ይረሳል?

ልጃቸው መሐንዲስ እንዲሆን የሚመኙ ወላጆችም እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ። በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ብሪታንያ የተላከው ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር። እዚያ ግን ተሰጥዎው ታወቀና በሎንዶን፣ ቆይቶም በቦስተን ሙዚቃ ተማረ፤ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን አዲስ መንገድ ለዓለም አስተዋወቀ። ጌታቸው መኩሪያም በልጅነቱ የአገር ቤቱን መሣሪያ ይዞ ጀምሮ ወደ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ የአባቶቹን ሽለላ በሳክስፎን አሰማ። ከክራር የጀመረ ሰው ወደ ኋላ አልቀረም፤ ይዞት የሚሄድ ነገር ነበረው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሙላቱ አይሆንም። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ዘጠኙ ለራሱና ለጓደኞቹ ብቻ የሚጫወት ይሆናል። እርሱም አይናቅም።

የራሴን ታሪክ መጨረሻ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ወንድም አረፉ። የኀዘኑ ወራት ካለፈ በኋላ አንድ ማታ አክስቴ ራሳቸው ቁም ሣጥኑን ከፍተው ክራሯን አወጡና፣ “እስኪ ቀስ አድርገህ ምታልኝ” አሉኝ። በትዝታ ቅኝት መታሁላቸው። አለቀሱ፤ ከዚያም ለብዙ ቀን እምቢ ያላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያች ማታ ወዲህ ስለ አዝማሪ የተናገሩትን አልደገሙትም። ዛሬ እዚያ ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ ይህንንም የተናገርሁት አስፈቅጄ ነው።

አሁን ወደ ተግባር ልምጣ። ሦስት ነገር በተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ክፍሉ ቢከራይ ለዘበኛ ደመወዝና ለውኃ መሳቢያው ሞተር ጥገና ይሆናል ተብሏል። ይህ ከንቱ ምክንያት አይደለም፤ ውኃ አራተኛ ፎቅ ካልደረሰ ክራር ጥማት አይቈርጥም። ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ከክፍሉ ግማሹ ለዕቃ ማስቀመጫ ይከራይ፤ ግማሹ ለወጣቶች ይቅር። ከኪራዩ የሚጎድለውን በከፊል ለማካካስ ወጣቶቹ በየወሩ ደረጃውንና ግቢውን በተራ ያጽዱ፤ ለጽዳት የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል። መሣሪያ መግዣውም አያስፈራ። አንዲት ክራር ከአንድ ደኅና የእጅ ስልክ በጣም ያነሰ ዋጋ አላት፤ ዋሽንትማ ከፕላስቲክ ቱቦም ይሠራል። አምስት መሣሪያ በጋራ ተገዝቶ በመዝገብ ቢያዝ ሃያ ልጆች ይማሩበታል።

ሁለተኛው ጩኸት ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ የጎረቤት ሕፃን ይተኛል፤ የታመመም አለ። ይህን ክፍል የምንለምነውም ስለዚህ ነው። ልጁ በየቤቱ ከሚንጫጫ እዚህ ይለማመድ። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይሁን፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ማንም መሣሪያ እንዳይነካ ደንብ ይውጣ።

ሦስተኛው ዋልጌነት ነው። “ወጣት ከተሰበሰበ ጫት ይከተላል” የሚል አለ። ወጣት ግን እዚህ ባይሰበሰብም ሌላ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከአደባባዩ ዳር ያሉትን ቤቶች የማያውቅ የለም። በቬኔዝዌላ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ የተባሉ ሰው በ1975 ጥቂት ወጣቶችን ሰብስበው የጀመሩት የኦርኬስትራ ትምህርት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የድኻ ልጆችን አቅፏል። ሦስት ሺሕ ያህል ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2016 ሲታተም፣ ትምህርቱ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸውን ባያሳድግም ራስን የመግዛት ጠባያቸውን እንዳሻሻለ ገልጧል። ይህም የእኔን የቁም ሣጥን ታሪክ ይመሰክርልኛል።

እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ሦስት የሠፈሩ ልጆች ያለ ክፍያ ለማስተማር ቃል እንገባለን። አንዱ ማሲንቆ፣ አንዱ ዋሽንት፣ እኔ ክራር አስተምራለሁ። ትምህርት ሲከፈትም አናቋርጥም፤ በፈተና ሳምንት ብቻ ይቅር በሉን። ከእኛ የበለጠ ለመማር የሚችል ልጅ ሲገኝም በከተማችን ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ እስከ በሩ ድረስ እንሸኘዋለን።

ወላጆቼ ሆይ፣ የምለምናችሁ ልጆቻችሁን ሙዚቀኞች እንድታደርጓቸው አይደለም። የምለምናችሁ አክስቴ እንዳደረጉልኝ ነው፦ ቁልፉን በእጃችሁ ያዙ፤ ግን በቀን አንድ ሰዓት ስጧቸው። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክፍሉ ከተፈቀደላችሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከክራሩ በፊት መጥረጊያ ይዛችሁ ኑ።

እሑድ በውሳኔው ላይ እንገናኝ።